የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን በተወካዮች ምክር ቤት በኩል መቆጣጠር፦ ለድሬዳዋ ነዋሪዎች

በአሜሪካ ፕሬዚዳንቱ ያወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ በየዓመቱ እያደሰ ማስቀጠል ይችላል፤ ኮንግረሱ ለመሻር ቢወስን እንኳ ፕሬዚዳንቱ ውሳኔውን ላለማጽደቅ መብት አለው። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው አዋጅ በተወካዮች ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ ወዲያውኑ ይሻራል። ይህ ጠንካራ ልጓም ነው፤ የሚሠራው ግን ቀኑን የሚከታተል ሰው ሲኖር ነው።

በመጀመሪያ አዋጁ የታወጀበትን ቀን ይመዝግቡ። ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ በዕረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት። ለምሳሌ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው በክረምት ዕረፍት ላይ ስለዋለ የጸደቀው ነሐሴ 8 ቀን ነበር። ያ አዋጅ ለአማራ ክልል ቢወጣም እንደ አስፈላጊነቱ በሌላ አካባቢም ሊፈጸም ይችል ስለነበር፣ የተፈጻሚነት ወሰኑን የሚገልጸውን አንቀጽ ሳያነቡ አይለፉ።

አቤቱታዎን ለማን እንደሚያቀርቡም ይለዩ። እንደ 1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ያለ የተፈጥሮ አደጋ ቢደርስ የሐረሪ ክልል ራሱ ሊያውጅ ይችላል፤ ድሬዳዋ ግን ክልል ስላልሆነች አዋጁ ከፌዴራል መንግሥት ይመጣል፣ ጥያቄዎም የሚሄደው በተወካዮች ምክር ቤት ላለው የምርጫ ክልልዎ ተመራጭ ነው።

ከሁሉም በላይ ሊተኮርበት የሚገባው መርማሪ ቦርዱ ነው። ምክር ቤቱ ከአባላቱና ከሕግ ባለሙያዎች የሚያቋቁመው ይህ ሰባት አባላት ያሉት ቦርድ፣ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ከሳቢያን ወይም ከከዚራ የተያዘ ቤተሰብ ካለዎት ሙሉ ስሙን እስከ አያት፣ የተያዘበትን ቀንና ሰፈር፣ ማን እንደወሰደው ጭምር ጽፈው ለቦርዱና ለተመራጩ ያስገቡ፤ ቅጂው ላይም የመረከቢያ ማኅተምና ቀን ያስደርጉ። ወሩ ሲያልቅ ስሙ በዝርዝሩ ከሌለ ያ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ቦርዱ መረጃው እንደደረሰው ማስረጃ ይሆንዎታል። በእስር ላይ ስለተፈጸመ ድብደባም እንዲሁ ይጻፉ፤ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን አይገደብም።

አዋጁ የሚጸናው እስከ ስድስት ወር ሲሆን፣ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየአራት ወሩ ሊያድሰው ይችላል። የማራዘሚያ ጥያቄ ሲቀርብ ቦርዱ አስተያየቱን ለምክር ቤቱ ስለሚያሰማ፣ ደብዳቤዎ ጊዜው ከመጠናቀቁ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ሊደርሰው ይገባል።