የሂሉክስ ትራንስፈር ፉጨት፦ ጥፋቱ የኋላ መውጫ ዘንግ ኩሽኔታ ነበር

ቶዮታ ሂሉክሴ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ከወለሉ ሥር፣ ከትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ ከሚያከፋፍለው የማርሽ ሳጥን) አካባቢ ያፏጫል። ክሮቼራዎቹ (የማስተላለፊያ ዘንጎቹ መገጣጠሚያዎች) ተቀየሩ፤ ለውጥ የለም። የፊቱን ዘንግ ፈትቼ ነዳሁት፤ ያው ነው። ሜዳ መንገድ ላይ ማርሹን ዜሮ ሳደርገው ግን የሞተሩ ዙር ሲወርድ ፉጨቱ ከጎማው ጋር ቀጠለ። ስለዚህ ሞተሩም ክላቹም ንጹሕ ናቸው።

መኪናውን በማቆሚያ ላይ አንሥቼ፣ የኋላውን ፍላንጅ (የኋላው ዘንግ ከትራንስፈሩ ጋር የሚታሰርበትን) ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ስነቀንቀው፣ በዓይን የሚታይ ክፍተት አለው። ከትራንስፈሩ ያፈሰስሁት ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ብረት ተወ። እዚህ ላይ አደራ፦ ከማፍሰሳችሁ በፊት የመሙያው ቡሎን መፈታቱን አረጋግጡ፤ እምቢ ካለ ባዶ ትራንስፈር ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ኩሽኔታውንና ፓራዮሊዮውን (የዘይት ማገጃውን) ቀየርሁ። ኩሽኔታው በፕሬስ ይግባ፤ መዶሻ አዲሱን ገና ሳይሠራ ይጎዳዋል። 75ደብሊው-90 የማርሽ ዘይት እስከ መሙያው አፍ ሞላሁ። ፉጨቱ ጠፋ፤ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ዘይቱን ሳየው ብረት የለበትም።