ላፕቶፕ ላይ የሠራ ላይብረሪ ባቲ ላይ እንቢ ሲል

ደሴ ቁጭ ብዬ የሠራሁት ደረሰኝ የሚያወጣ የአንድሮይድ አፕ ላፕቶፔ ላይ ችግር አልነበረበትም። ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ ወርጄ የፍየል ነጋዴዎች ስልክ ላይ ስጭነው ጉዱ ወጣ። አፑ የሚጠቀምበት ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚወሰድ ኮድ) በአብዛኛው ለኮምፒውተር በጃቫ የተጻፈ ነው፤ ስልኮቹ ደግሞ 1 ጊጋ ራም ያላቸው። ኮድ ከመነካካታችሁ በፊት ስልኩን በኬብል አገናኙና ሎግካትን (የአንድሮይድን የስህተት መዝገብ) አንብቡ። እኔ ይህን ባለማድረጌ ተቀጥቻለሁ።

ችግር፦ አፑ ገና ሲከፈት ይዘጋል

ሎጉ «ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ» ካለና የጎደለው ክላስ (የኮድ ክፍል) ከጃቫ ኤደብሊውቲ፣ ማለትም ከኮምፒውተር የሥዕልና የመስኮት ኮድ፣ ከሆነ፣ ላይብረሪው አንድሮይድ ላይ የሌለ ነገር እየጠራ ነው። ያንን ክፍል ብቻ አውጥታችሁ በአንድሮይድ የራሱ የሥዕል ክላሶች፣ በቢትማፕና ካንቫስ፣ ተኩት። ሌላውን አትንኩ።

«አንሳቲስፋይድ ሊንክ» ካለ ግን ላይብረሪው ውስጥ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈው ክፍል ለ64 ቢት ብቻ ተገንብቶ ይሆናል። ርካሽ ስልክ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ሆኖ አንድሮይዱ 32 ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም ገንቡት።

ችግር፦ እኔ ጋ ይሠራል፣ ለሰው ስሰጠው ይዘጋል

አር8 የሚባለው ኮድ አሳናሽ ነው። ኤፒኬውን (የአፑን መጫኛ ፋይል) ሲያሳንስ የማይጠራ የመሰለውን ኮድ ይጥላል። ላይብረሪው ክላሶችን በሪፍሌክሽን (አፑ እየሠራ በስማቸው ፈልጎ) የሚጠራ ከሆነ የኪፕ ሕግ፣ ማለትም «ይህን አትጣል» የሚል ትእዛዝ፣ ጻፉለት።

ችግር፦ ፎቶ ሲከፈት ስልኩ ይጨናነቃል፣ አፑም ይጠፋል

ፋይሉ 2 ሜጋ ነው ብላችሁ አትሸወዱ። የ8 ሜጋፒክስል ፎቶ ራም ላይ ሲዘረጋ እያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ይይዛል፤ ወደ 32 ሜጋ ማለት ነው። ሳምፕል ሳይዙን 4 አድርጋችሁ፣ ማለትም ወርዱንም ቁመቱንም ለ4 አካፍላችሁ፣ ክፈቱት። ወደ 2 ሜጋ ይወርዳል።

ችግር፦ ኢንተርኔት አለ፣ አፑ ግን ሰርተፊኬቱን (የሰርቨሩን የማንነት ማረጋገጫ) አልቀበልም ይላል

ግማሽ ቀኔን የበላው ይሄ ነው። ላይብረሪውን ጠረጠርኩ፣ ሰርቨሩን ጠረጠርኩ። በመጨረሻ የአንድ አባት ስልክ ላይ ቀኑን አየሁት፦ 11/02/2017።

«አባባ፣ የስልክዎ ቀን ተሳስቷል» አልኳቸው።

«ምኑ ነው የተሳሳተው ልጄ? ዛሬ ሰኞ፣ ጥቅምት 11 አይደል እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። ባትሪው አልቆ ቀኑ ሲጠፋ ልጃቸው በእኛ አቆጣጠር ሞላው። ስልኩ ግን 2017ን የፈረንጅ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የሰርቨሩ ሰርተፊኬት ያኔ ገና አልወጣም።

ለጊዜው ቀኑን አውቶማቲክ አድርጉት። ለዘለቄታው አፑ የተገነባበትን ቀን ኮዱ ውስጥ አስቀምጡ። ሰርተፊኬቱ ሲወድቅ የስልኩ ቀን ከዚያ ወደ ኋላ ከሆነ፣ በአማርኛ «የስልክዎን ቀን ያስተካክሉ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን» የሚል መልእክት ይውጣ። አንዳንዱ ፕሮግራመር አፑ ሰርተፊኬት ማጣራቱን ጭራሽ ያጠፋዋል። የሰው ገንዘብ የሚመዘግብ አፕ ላይ ይህን እንዳታደርጉ።