ብልሃተኛ ለመሆን ስንል የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ነገር ሲበላሽ ወይም ሲጎድል የብዙዎቻችን እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ስልክ ነው፤ አዲስ ለማዘዝ። ባለው ነገር ችግሩን የሚፈታ ሰው ስናይ ደግሞ "ተሰጥኦ ነው" ብለን እናልፋለን። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ በአብዛኛው ልማድ ነው፤ ልማዱን የሚያበላሹትም የታወቁ ስህተቶች ናቸው። ሁሉም እኩል አይከብዱም፤ አንዳንዱ ጊዜ ያባክናል፣ አንዳንዱ ቤት ያቃጥላል።

ሥራውን ትቶ ዕቃውን መፈለግ

"ፕሪንተር የለኝም" ብሎ ቀኑን ሙሉ ፕሪንተር ሲያስስ የሚውል ሰው አለ። የተፈለገው ግን የተፈረመ ሰነድ ሌላ ሰው ዘንድ እንዲደርስ ነበር። እንዲህ ሲነገር ሌላ መንገድ ይታያል፦ ሰነዱን ስልክ ላይ በጣት መፈረም፣ ተቀባዩ ራሱ እንዲያትመው መላክ፣ ወይም ወረቀቱ የግድ መሆኑን ደውሎ መጠየቅ። ችግሩን የዕቃ ስም ሳይጠሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ይሞክሩ። ቀላል ይመስላል፤ ሲጀምሩት ግን የዕቃው ስም አፍዎ ላይ እየመጣ ያስቸግራል።

ዕቃን ከተሠራበት ዓላማ አለመነጠል

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካርል ዱንከር በዚህ ላይ ያደረጉት ሙከራ ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1945 በእንግሊዝኛ ታትሟል። ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ሻማ፣ ክብሪትና ትንንሽ ሚስማሮች የሞሉበት የካርቶን ሳጥን ተሰጥቶዎታል፤ ሻማውን ከበር ጋር አያይዘው ያቁሙ። መልሱ ሚስማሮቹን ዘርግፎ ሳጥኑን በእነሱ በሩ ላይ መቸንከርና ሻማውን እላዩ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሳጥኑ ባዶውን ሲቀርብ መልሱ በቀላሉ ይገኛል። ዕቃ ሞልቶበት ሲቀርብ ግን መልሱ የሚሰወረው ሰው ይበዛል፤ ሳጥኑ "የሚስማር መያዣ" ሆኖ ቀርቷላ።

መድኃኒቱ ዕቃውን በስሙ ሳይሆን በጠባዩ መግለጽ ነው፤ ጠፍጣፋ፣ ቀላል፣ ሚስማር የሚበሳው። አንድ ምሳሌ ልጨምር። ቴሌቪዥኑ ለሪሞት አልታዘዝ ሲል ጥፋቱ የማን ነው? ካሜራ ብርሃን የሚቀበል መሣሪያ መሆኑን ያስታውሱ። የሪሞቱን ጫፍ ወደ ስልክዎ ካሜራ አዙረው ቁልፍ ሲጫኑ፣ ለዓይን የማይታየው የኢንፍራሬድ ጨረር በብዙ ስልኮች ስክሪን ላይ ብልጭ ሲል ይታያል። የኋላው ካሜራ ካላሳየዎት የፊቱን ይሞክሩ፤ አንዳንዱ ካሜራ ይህን ጨረር የሚያግድ ማጣሪያ አለው። ብልጭታው ከታየ ሪሞቱ ይልካል ማለት ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ቴሌቪዥኑ ይዞራል። በብሉቱዝ የሚሠራ ሪሞት ላይ ግን ይህ አያገለግልም።

እጅ ላይ ያለውን ሳይቆጥሩ መጀመር

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1970 ወደ ጨረቃ ይበር የነበረው የአሜሪካ መንኮራኩር የአፖሎ 13 የኦክስጅን ጋን በጉዞ ላይ ፈንድቶ ሦስቱ ጠፈርተኞች ለሁለት ሰው በተሠራችው የጨረቃ ማረፊያ መንኮራኩር ውስጥ ተጠለሉ። ከትንፋሻቸው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተጠራቀመ ሄደ። በዋናው መንኮራኩር ትርፍ ማጣሪያ ነበር፤ ግን ቅርጹ አራት ማዕዘን፣ የማረፊያዋ የማጣሪያ ማስገቢያ ደግሞ ክብ ነው። ምድር ላይ ያሉት መሐንዲሶች የሠሩት ጠፈርተኞቹ ዘንድ መኖሩን በሚያውቁት ነገር ብቻ ነበር፦ በፕላስቲክ ከረጢት፣ በካርቶን፣ በልብሳቸው የአየር ቱቦና በፕላስተር። ሠርተው ከሞከሩት በኋላ አሠራሩን በሬዲዮ ደረጃ በደረጃ አነበቡላቸው፤ ሠራም። ከዚህ ታሪክ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ፕላስተሩን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ዝርዝሩ ነው፤ መንኮራኩሯ ላይ ምን እንዳለ ባይታወቅ ኖሮ ያ ሁሉ እውቀት ከምድር አይነሣም ነበር።

መቀነስን መርሳት

እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሰዎች አንድን ነገር እንዲያሻሽሉ ሲጠየቁ መጨመር ቀድሞ እንደሚታያቸው፣ መቀነስን ብዙ ጊዜ እንደሚዘነጉት አሳይቷል። ስልክ ሲሞላ ተጨማሪ ማከማቻ መግዛት የዚህ ዘመድ ነው።

መከላከያን በዘዴ ማለፍ

በጣም የምፈራው ይህን ነው። "የቸገረው እርጉዝ ያገባል" እንደሚባለው፣ የጨነቀው ሰው ያገኘውን ሁሉ ይሰካል። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ ወይም በአልሙኒየም ወረቀት ማገናኘት የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። መብራቱ ይመጣል፤ ሰውየውም "ብልህ" ይባላል። የፊውዝ ሥራ ግን ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ቀልጦ መስመሩን መቁረጥ ነው። እሱ ሲነሣ የሚግለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ገመድ ይሆናል። ፊውዙ ደጋግሞ ከተቃጠለ መስመሩ ላይ ጥፋት ወይም ከአቅም በላይ ጭነት እንዳለ እየተናገረ ነው።

ጽዳት ላይም እንዲሁ ነው። "ሁለቱ ሲደባለቁ ይበረታሉ" ብሎ በረኪናን ከአቼቶ ጋር የሚቀላቅል ሰው መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ እየሠራ ነው፤ በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝም ሌላ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ያበጠን የስልክ ባትሪ "ላስተንፍሰው" ብሎ መብሳት ደግሞ እሳት ያስነሣል። እኔ የምጠቀምበት መለያ ቀላል ነው፤ ዕቃው የተሠራው አንድን ነገር ለማገድ ከሆነ በምትኩ ያገኘሁትን አላስገባም።

የሠራ የመሰለውን ዘዴ ማመን

ውኃ የገባበትን ስልክ ሩዝ ውስጥ መቅበር ዓለም ያወቀው ብልሃት ነው። አፕል ግን እ.ኤ.አ. በ2024 የሩዝ ቅንጣቶች አይፎንን ሊጎዱት እንደሚችሉ ገልጾ ይህን እንዳናደርግ መክሯል። የሚሻለው የቻርጀር መግቢያውን ወደ ታች አድርጎ ስልኩን በእጅ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ፣ ከዚያ ሳይሰኩ አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ ማቆየት ነው። ታዲያ ሩዙ "ሠራልኝ" የሚሉ ሰዎች ለምን በዙ? ስልኩ በጊዜ ብዛት ራሱ ሊደርቅ ይችላል፤ ምስጋናውን ግን ሩዙ ይወስዳል። አንድ ዘዴ ሲነገርዎት "ባላደርገውስ ምን ይሆን ነበር?" ብለው ይጠይቁ።

ጊዜያዊውን ጥገና እዚያው መርሳት

በፕላስተር የታሰረው ቱቦ ይይዛል፤ ስለያዘም ይረሳል። ከዚያ ሌሊት ይለቅና ወለሉን ያጥለቀልቃል። ጥገናው ላይ ቀኑንና የጎደለውን ዕቃ መጠን የያዘ ወረቀት መለጠፍ ብዙ አይጠይቅም።

ሰው መጠየቅን እንደ ሽንፈት ማየት

ብቻውን ሲታገል ውሎ የሚያመሽ ሰው ብልሃተኛ ይመስለዋል። ጎረቤቱ መሰላል፣ የሥራ ባልደረባው ልምድ፣ ታናሽ እህቱ የኮምፒውተር እውቀት ሊኖራቸው ይችላል፤ እነዚህም እጅ ላይ ካለው ነገር ይቆጠራሉ። ብቻ አጠያየቁ ይታሰብበት። "አልሠራ አለኝ" ለሚል መልእክት የሚመጣው መልስ "ምኑ?" ነው። "ፋይሉን ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ፈልጌ ነበር፤ ገመዱን ቀየርኩ፣ ሁለቱንም አጥፍቼ አበራሁ፤ ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ግን አይታይም" ካሉት ግን የሚያውቅ ሰው "ገመዱ የቻርጅ ብቻ እንዳይሆን፤ ስልኩ ላይስ ፋይል ማስተላለፍ የሚለውን መርጠሃል?" ብሎ ወዲያው ይመልስልዎታል።