የጥርስ ሐኪም ጋ ስትሄዱ የ3 ቀን ማስታወሻ ይዛችሁ ሂዱ

ቀጠሮ ካላችሁ ከዚያ በፊት ለ3 ቀን የበላችሁትንና የጠጣችሁትን ሁሉ ከነሰዓቱ ጻፉ። ስልካችሁ ላይ ቢሆንም ይበቃል። አንዱ ቀን ቅዳሜ ወይም እሁድ ይሁን፤ የዕረፍት ቀን አበላላችን ይለያል። ሻይ ከሆነ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደገባበት አትርሱ።

ሰዓቱ ለምን? ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በቀን ስንት ጊዜ አፍ ውስጥ መግባቱም ነው። ጣፋጭ በቀመስን ቁጥር አፋችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች አሲድ ይሠራሉ። ምራቅ ያንን አሲድ ለማርገብ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። እኔ ከሁሉ የምፈራው ሻይን ነው። 3 ማንኪያ ስኳር ያለውን ብርጭቆ በ10 ደቂቃ መጨረስ አንድ ነገር ነው። ያንኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እስከ ምሳ ፉት ማለት ግን ለጥርስ በጣም ይከፋል።

ማስታወሻውን ለሐኪሙ አሳዩና «የቱን ልቀይር?» ብላችሁ ጠይቁ። ለመጀመሪያ አንድ ነገር ይበቃል፤ ለምሳሌ ሻዩን ከምግብ ጋር ማድረግ፣ በመሃል ውሃ መጠጣት።

ልጅ ያላችሁ ደግሞ አደራ፣ ማታ ጁስ ወይም ስኳር ያለው ወተት በጡጦ ይዞ እንዳይተኛ። በእንቅልፍ ሰዓት ምራቅ ስለሚቀንስ ጣፋጩ ጥርሱ ላይ ያድራል።