ሬዲዮ ይዛችሁ አሜሪካ ለምትገቡ የጅማ ልጆች

ፈረንጅ አራዳ ቡና ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር ዲቪ የደረሰው አንድ ልጅ አይጠፋም። ጥያቄው ያው ነው። «ጋሼ፣ እዚያ የፖሊስ ሬዲዮ በስልክ ይሰማል አሉ። እውነት ነው?» አዎ፣ ይሰማል። «እሺ፣ ባኦፌንግ የሚሉትን የእጅ ሬዲዮ ገዝቼ ብነካካውስ?» የሻንጣውን ኪሎ፣ የጃኬቱን ውፍረት፣ የትኬቱን ዋጋ አጣርተው ጨርሰዋል። ይህችን ግን ቲክቶክ ላይ ያየ ጓደኛ ነግሯቸው ነው የሚመጡት። ለእያንዳንዱ ለየብቻ መመለስ ስለሰለቸኝ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

ከመስማት ልጀምር። አሜሪካ ውስጥ ያልተመሰጠረ የፖሊስ፣ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ የሬዲዮ ንግግር ቤት ቁጭ ብሎ ማዳመጥን የፌዴራሉ ሕግ አይከለክልም። ስካነር የሚሉት የሬዲዮ ማዳመጫ በግላጭ የሚሸጠው፣ አፑም ስልክ ላይ የሚወርደው ለዚህ ነው። ብዙ ከተሞች ግን ንግግሩን መመስጠር ጀምረዋል። የተመሰጠረውን ለመፍታት የሚሞክር ሰው ከማዳመጥ አልፎ ወንጀል ውስጥ ገብቷል። የሰሙትን ይዞ ገንዘብ ለመሥራት መሮጥም ችግር ያመጣል። የአደጋ ጥሪ ሰምቶ የተጋጨ መኪና ለመጎተት ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ሾፌር ብልጥ ሊመስላችሁ ይችላል። አትከተሉት።

እንግሊዝ ወይም ጀርመን የምትሄዱ ከላይ ያለውን አንቀጽ እርሱት። እዚያ ለእናንተ ያልተላከ የፖሊስ ሬዲዮ መስማቱ ራሱ ያስከስሳል።

አሜሪካም ቢሆን ቤት ውስጥ የተፈቀደው መኪና ውስጥ ላይፈቀድ ይችላል። ብዙዎቻችሁ ዘመድ ያላችሁ ሚኒሶታ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ያለ ፈቃድ የፖሊስ ሬዲዮ መቀበያ መኪና ላይ መግጠም በሕግ የተከለከለ ነው። ኒውዮርክ፣ ፍሎሪዳ፣ ኢንዲያናና ኬንታኪም የየራሳቸው ገደብ አላቸው።

እኔን የበላኝ ይኸው ነው። አሜሪካ ሳለሁ የማታ ጥበቃ ሥራ ነበረኝ። ኩባንያው የሚዞሩበት መኪና ሰጠኝ። መኪናው ሬዲዮ ተገጥሞለታል። አለቃዬ «ከቢሮ ጋር የምትገናኝበት ነው» አለኝ። ቻናሉን ዞር ሲያደርጉት የከተማው ፖሊስ ይሰማል። ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል፤ የሚገረምም የለም። አንድ ሌሊት የኋላ መብራት ተቃጥሎ ኖሮ ፖሊስ አስቆመኝ። መስኮቱን ዝቅ ሳደርግ በትከሻው ያለው ሬዲዮና የእኔው እኩል ማውራት ጀመሩ። ሰውየው ሳቀም፣ ተቆጣም። ክሱ እዚያው ተጻፈ፤ ሬዲዮውም ተነቅሎ ሄደ።

ኩባንያው ምን አለ መሰላችሁ? «እሱ ራሱ ያመጣው ነው።» ስረከብ የተፈረመ ወረቀት የለም። ጠበቃ ይዤ ተከራከርኩ። ዕቃው በኩባንያው ደረሰኝ መገዛቱ ሲታወቅ ክሱ ተዘጋ። ክሱ ይዘጋ እንጂ ጣጣው አላለቀም። ኤን-400 የሚሉት የዜግነት ማመልከቻ ተይዘህ ወይም ተከሰህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የተዘጋ ክስም ይጻፋል። ጉዳዩ እንዴት እንዳለቀ የሚያሳይ ማኅተም ያለበት የፍርድ ቤት ወረቀት አምጣ ተባልኩ። ስልክ ስደውል በኢንተርኔት ጠይቅ ይሉኛል። ኢንተርኔቱ በአካል ቅረብ ይላል። በአካል ስቀርብ ሴትየዋ ምሳ ወጥታለች። የእኛን ቀበሌ የሚያማ ሰው እዚያ ወረፋ ይቁምና ያየው።

ስለዚህ ሥራ ላይ ሬዲዮ ሲሰጣችሁ የሞገድ ፈቃዱ በኩባንያው ስም መሆኑን ጠይቁ። የዕቃው ሴሪያል ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ላይ ፈርማችሁ ተረከቡ፤ ወረቀቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ቻናሎቹን አንድ በአንድ አዳምጡ። ፖሊስ ከተሰማ መኪናውን አትንዱ። ሥራ ስትለቁ ሬዲዮውን መልሱና የመለሳችሁበትን ወረቀት ያዙ። «አለቃን እንዲህ መጠየቅ ያሳፍራል» የምትሉ አላችሁ። ይሉኝታችሁን ጅማ ትታችሁ ሂዱ።

የከፋው መናገሩ ነው። ባኦፌንግ ርካሽ ነው፤ ፖሊስና እሳት አደጋ የሚጠቀሙባቸው አንዳንድ ሞገዶች ላይም ያስተላልፋል። ማስተላለፍ ስለቻለ ተፈቅዷል የሚል ሰው ባጃጁ የጂረንን ዳገት ስለወጣ መንጃ ፈቃድ አያስፈልገኝም ከሚለው አይሻልም። እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ሕግ ያለ ፈቃድ ማስተላለፍን ይከለክላል። ተቆጣጣሪው ኤፍሲሲ የሚባለው የፌዴራል ኮሚሽን ነው። አውቆ የጣሰ ሰው ከገንዘቡ ቅጣት ሌላ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 1 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ግሪን ካርድ ለያዘ ሰው የወንጀል መዝገብ ምን እንደሆነ መንገር ያለብኝ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ2021 አይዳሆ ውስጥ ደን ተቃጠለ። የአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም በትርፍ ጊዜ ለመዝናናት የሚሠራበት ሬዲዮ፣ ፈቃድ ያለው አንድ ሰው የደን አገልግሎቱ በሚሠራበት ሞገድ ገብቶ እሳት ለሚያጠፉት መረጃ አቀበለ። እረዳለሁ ብሎ ነው። ኤፍሲሲ በ2022 የ34,000 ዶላር ቅጣት አቀረበበት። ኒውዮርክ ውስጥ ደግሞ በፖሊስ ሬዲዮ ገብቶ ዛቻና የሐሰት ጥሪ ባስተላለፈ ሰው ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 የቀረበው ቅጣት ከ404,000 ዶላር በላይ ነው። እኔ በዚህኛው አላዝንም። በተራ የሬዲዮ ቻናል ሁለት ሰው የመናገሪያውን ቁልፍ እኩል ከተጫነ የሁለቱም ንግግር ሊበላሽ ይችላል። ጭስ ውስጥ የተቀረቀረ እሳት አጥፊ «ድረሱልኝ» ሲል የእናንተ ቀልድ ላዩ ላይ ሊያርፍ ይችላል። አደጋ ካያችሁ 911 ደውሉ፤ አለቀ።

«ማን ያውቅብኛል?» የምትሉም አላችሁ። አርመር እንደሚባለው የሚኒሶታ የፖሊስና የእሳት አደጋ የሬዲዮ መረብ ባሉት ዲጂታል ሲስተሞች እያንዳንዱ ሬዲዮ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። የማያውቁት ቁጥር ብቅ ሲል ያዩታል፤ የምልክቱን አቅጣጫ ተከትሎ የሚፈልግ መሣሪያም አለ። አሮጌ የሞቶሮላ ሬዲዮ በቅናሽ አግኝቼ ገዛሁ የሚል ሰው ሳይ የሚያመኝ ለዚህ ነው። የቀድሞው መሥሪያ ቤት ፕሮግራም ውስጡ ካለ፣ ልጅ አናቱ ላይ ያለችውን ብርቱካናማ ቁልፍ ሲጫን የአደጋ ጥሪ ሊሆን ይችላል። አትግዙ።

ለሽርሽር ወይም ለቤተሰብ የምትፈልጉ ከሆነ ኤፍአርኤስ የተባለውን የእጅ ሬዲዮ ግዙ፤ 22 ቻናል አለው፤ ፈቃድ አይጠይቅም። ጉልበት ያለው ካስፈለገ ጂኤምአርኤስ አለ፤ 35 ዶላር የሚከፈልበት ፈቃድ ለ10 ዓመት የቅርብ ቤተሰብን በሙሉ ይሸፍናል፤ ፈተና የለውም። ነገሩን በእውነት የምትወዱት ደግሞ የአማተር ሬዲዮ ፈተና ውሰዱ። የመጀመሪያው ደረጃ 35 ጥያቄ ነው፤ 26 ከመለሳችሁ አለፋችሁ። ዜጋ መሆን አያስፈልግም። ለመነካካት ለሚወድ ልጅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከሄዳችሁ በኋላ ከዚህ ስልክ ይደወልላችኋል። «ለቡና መጋዘኑ ዘበኞች ሁለት ዎኪ ቶኪ ላክልን።» እዚህም ሞገድ ያለ ፈቃድ አይነካም፤ በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው የሚፈቅደው። ፈቃድ ሳይያዝ የመጣ የመገናኛ ሬዲዮ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ፈቃዱን መጀመሪያ ያውጡና ይላኩላችሁ፤ ከዚያ ትገዛላችሁ።