ያልተፈለፈለውን እንቁላል ሳትጥሉት ስበሩት

21 ቀን ጠብቃችሁ ከኢንኩቤተሩ (ከመፈልፈያ ማሽኑ) ግማሹ እንቁላል ዝም አለ እንበል። ማሽኑን ከመርገማችሁ በፊት ዝም ያሉትን አንድ በአንድ ስበሯቸው። ደጅ ውጡና ነው ታዲያ፣ ሽታው አይቻልም። ጽንሱ በስንተኛው ቀን ገደማ እንደሞተ ካወቃችሁ ጥፋቱን ለማግኘት ብዙ አይቀራችሁም።

ውስጡ ጥርት ያለ ነው

ብዙውን ጊዜ አውራ ዶሮ ያላገኘው እንቁላል ነው። ለ10 ሴት አንድ ጠንካራ አውራ ይበቃል። አውራውን ገና ካስገባችሁ ሳምንት ታገሱ፣ ከዚያ ሰብስቡ።

የደም ቀለበት ይታያል

በ7ኛው ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ አብሩበት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ የደም ሥሮች ካያችሁ ደህና ነው። ቀይ ቀለበት ብቻ ካያችሁ ግን ጽንሱ ጀምሮ ሞቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጽንሱ ማደግ የሚጀምረው እናቱ ሆድ ውስጥ ነው። እንቁላሉ ተጥሎ ሲቀዘቅዝ ያንቀላፋል። ምድጃ አጠገብ ካስቀመጣችሁት ግን በደንብ ሳይተኛ፣ በደንብም ሳያድግ ይዳከማል። ስለዚህ ማሽን እስኪገባ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ቢበዛ 7 ቀን፣ ቀጭኑ ጫፍ ወደ ታች። ከሩቅ የመጣ እንቁላል ደግሞ ማሽን ሳይገባ አንድ ሌሊት ይረፍ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሙቀት ነው። ማራገቢያ ባለው ማሽን 37.5 ዲግሪ ይበቃል። የእኔ ማሽን መለኪያ ከአንድ ዲግሪ በላይ ይዋሽ ነበር። ያጋለጠው የሰው ትኩሳት መለኪያ ነው፤ እንቁላሎቹ መሃል አስተኝታችሁ አመሳክሩ።

ጫጩቱ ሙሉ ሆኖ ቅርፊቱ ውስጥ ሞቷል

አንጀት የሚበላው ይሄ ነው። በ19ኛው ወይም በ20ኛው ቀን ጫጩቱ ሰፊው ጫፍ ላይ ያለውን የአየር ኪስ በስቶ በሳንባው መተንፈስ ይጀምራል። ጭንቅላቱን ቀጭኑ ጫፍ ላይ ካገኛችሁት ምናልባት እንቁላሉን ቀጭኑን ጫፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጣችሁታል። ስሱ ሽፋን ደርቆ ከተጣበቀበት መጨረሻ ላይ እርጥበት አንሶታል። ጫጩቱ አብጦ ውሃ ካቆረ ደግሞ ከመጀመሪያው በዝቶበታል። እርጥበቱን እስከ 18ኛው ቀን 50 በመቶ ገደማ፣ ከዚያ 65 እስከ 70 በመቶ አድርጉት። እንቁላሉን በየጊዜው ማገላበጡም 18ኛው ቀን ላይ ይቁም።

አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። እንቁላሉ ውሃ ቶሎ ያጣል፣ ኦክስጅንም ያጥረዋል። እርጥበት ለመያዝ ብሎ የአየር ቀዳዳውን መድፈን ጫጩቱን ማፈን ነው። ቀዳዳው ይከፈት፣ ውሃው ይጨመር።

መብራት ጠፋ

ክዳኑን አትክፈቱ። የአየር ቀዳዳውን ሳትደፍኑ ብርድ ልብስ ደርቡበት። ለጥቂት ሰዓት መቀዝቀዝ ከመጠን በላይ ከመሞቅ ይሻላል፤ መብራቱ ሲመለስ ቀጥሉ።

በስቶ ቆመ

ቅርፊቱን ከበሳ በኋላ 24 ሰዓት ሊያርፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ ደሙንና የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እየሳበ ነው። እኔ አዝኜለት አንዱን ላጥኩት፣ ደምቶ ሞተ።