የሃይፐርፋይን ስሌት ከልኬት ጋር አልገጥም ሲል

በአቶም የኃይል ደረጃዎች ላይ ሃይፐርፋይን የሚባለው ትንሽ ስንጥቅ የሚመጣው ኤሌክትሮኖቹ የኒውክለሱን ማግኔትነትና ቅርጽ ስለሚያዩ ነው። ስንጥቁ ላቦራቶሪ ውስጥ ይለካል። የኤሌክትሮኖቹን ድርሻ እኛ እናሰላለን። ሁለቱን ስናካፍል የኒውክለሱ ሞመንት፣ ማለትም የማግኔትነቱ ወይም የቅርጹ መጠን፣ ይወጣል። ስሌቱ ከተበላሸ ሞመንቱም አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ ወደማይታወቀው ኢሶቶፕ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ሞመንቱ በደንብ በሚታወቅ አንድ ላይ ሞክሩት። ካልገጠመ ምልክቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ውጤቱ ልክ በ4 እጥፍ ተዛነፈ። ፊዚክሱን አትጠርጥሩ። ሲዚየም 133 ላይ የሚለካው የሁለቱ ደረጃዎች ርቀት 9192.63 ሜጋኸርዝ ነው፤ የአቶም ሰዓቶች የተመሠረቱበት ቁጥር። ስሌቱ የሚሰጠው ኤ የሚባለው የማግኔታዊ ስንጥቅ ቋሚ ግን 2298.16 ነው። የኒውክለሱ ስፒን 7/2 ስለሆነ ርቀቱ የቋሚው 7/2 + 1/2፣ ማለትም 4 እጥፍ ነው። እኔም በዚህ አንድ ሙሉ ቀን አቃጥያለሁ።

ቋሚው ከልኬቱ ወደ 40 በመቶ ያንሳል። ለዚያው ሲዚየም የዲራክ ፎክ ስሌት (እያንዳንዱን ኤሌክትሮን በሌሎቹ አማካይ መስክ ውስጥ የሚያየው) ለውጭኛው ኤሌክትሮን፣ ለ6ኤስ፣ የሚሰጠው ከ1400 ሜጋኸርዝ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ግሪዱን፣ ስሌቱ የሚሠራባቸውን ነጥቦች፣ ማጥበቅ ይጀምራል። አይጠቅምም። የጎደለው የኤሌክትሮኖቹ የእርስ በርስ ተጽዕኖ ነው። መጀመሪያ ኮሩ (የውስጥ ኤሌክትሮኖቹ) በኒውክለሱ ማግኔታዊ መስክ ሲዛባ የሚጨምረውን አስገቡ። ከዚያ ኮሪሌሽኑን፣ አማካይ መስክ የማይዘውን የኤሌክትሮኖቹን መገፋፋት፣ በከፕልድ ክላስተር ወይም በመሰል የስሌት ዘዴ ጨምሩ።

ምልክቱ ተገለበጠ። በጣም የሚያስደነግጠው ይሄ ነው። አንድ ኤሌክትሮን የጎደለው ባሪየም 137 ላይ 5ዲ 5/2 የሚባለው ደረጃ ኤ ቋሚ ሲለካ -12 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው፤ ቀላሉ ስሌት ግን ፖዘቲቭ ይላል። የዲ ኤሌክትሮን ኒውክለሱን ብዙም አይጠጋም፤ ከውስጥ ያሉት ኤስ ኤሌክትሮኖች ግን ይጠጋሉ፤ በትንሽ መዛባታቸው ዋናውን ውጠው ያልፋሉ። የኮሩን ተጽዕኖ እስከ መጨረሻው ካላሰላችሁት በስተቀር ከእንዲህ ያለ ደረጃ ማግኔታዊ ሞመንት አታውጡ። 5ዲ 3/2 ይሻላል፤ ቋሚው ወደ 190 ሜጋኸርዝ ስለሆነ እንዲህ በቀላሉ አይገለበጥም።

የኳድሩፖል ቋሚው፣ የኒውክለሱን ቅርጽ የሚያሳየው፣ ዜሮ ሆነ። የኤሌክትሮኖቹ ስፒንና ምህዋር ድምር 1/2 ከሆነ መሆን ያለበት እሱ ነው። ሌላ ደረጃ ምረጡ።

ሁሉም ተስተካክሎ አሁንም አልገጠመም። ከባድ አቶም ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማግኔትነቱ በኒውክለሱ ውስጥ እንዴት እንደተሰራጨ ነው፤ ቦር ቫይስኮፍ ውጤት የሚሉት። እሱም ካልሆነ የታወቁ ሞመንቶች የተጻፉበትን ሰንጠረዥ ተጠራጠሩ። በ2017 ጀርመን ዳርምሽታት ውስጥ ቢስሙዝ 209 አንዴ 1፣ አንዴ 3 ኤሌክትሮን ብቻ ቀርቶት ተለካ። የስርጭቱ ስህተት እንዲጣፋ ሁለቱ ልኬቶች ተቀናንሰው እንኳ ከስሌቱ ጋር በጣም ተለያዩ። በዓመቱ ጥፋተኛው ተገኘ፦ ለዓመታት በመጽሐፍ የቆየው 4.11 የኒውክለር ማግኔቶን (የሞመንት መለኪያ አሃድ) ሞመንት ወደ 4.09 ወረደ። የድሮው ልኬት የተወሰደው በፈሳሽ ከሟሟ የቢስሙዝ ውህድ ነበር፤ በዙሪያው ያሉት ኤሌክትሮኖች የሚከልሉት መስክ በትክክል አልተቀነሰም።